የትራክተር ጉልበት በሞተሩ ወይስ በአፈሩ?

ትራክተር ለመግዛት ወይም ለመከራየት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። 75 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ትራክተር በግንቦት ወር በአንድ ማሳ ላይ ባለ ሦስት ምላጭ ማረሻ ያለ ችግር ሲጎትት ይታያል። ያው ትራክተር በሐምሌ አጋማሽ በዚያው ማሳ ላይ፣ ማረሻው ቀርቶ ራሱንም ማንቀሳቀስ ተስኖት፣ እስከ ጎማው እምብርት በጭቃ ተውጦ ሊገኝ ይችላል። ሞተሩ ያው ነው፤ ነዳጁና ሾፌሩም ያው ናቸው። የተለወጠው አፈሩ ነው።

በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1920 ጀምሮ ትራክተሮች ይፋዊ ፈተና ይወስዳሉ። አንድ ትራክተር ምን ያህል መሳብ እንደሚችል በዚያ የሚለካው በኮንክሪት ጎዳና ላይ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፦ ኮንክሪት በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ የተለያዩ ትራክተሮችን በእኩል ሚዛን ለማወዳደር ያስችላል። ችግሩ ማንም ገበሬ ኮንክሪት አለማረሱ ነው። በኮንክሪት ላይ በተለካው ቁጥርና በማሳው ላይ በሚገኘው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለክፍል ውስጥ መልመጃ ብቻ የሚሆን አይደለም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ትራክተር ከተለመደ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ በኩታ ገጠም እርሻ አማካይነት ወደ ሌሎች ደጋማ ሜዳዎች እየገባ ነው። ከእነዚህ ሜዳዎች ብዙዎቹ በሸዋ መረሬ፣ በጎጃምና በጎንደር ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ እየተባለ በሚጠራው ጥቁር አፈር የተሸፈኑ ናቸው። በአገራችን የዚህ አፈር ስፋት ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በደጋው ክፍል ይገኛል። ጥቁሩ አፈር ለትራክተር ምቹ የሚሆንበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ተራውን ጠብቆ ትራክተር የሚከራይ ገበሬ ያንን አጭር ጊዜ ካመለጠው፣ የሚያመልጠው የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የአንድ ዓመት አዝመራ ሊሆን ይችላል።

ጉልበትና ኃይል

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ጉልበት ስንል በኒውተን የሚለካውን፣ አንድን ነገር የሚገፋውን ወይም የሚጎትተውን ማለታችን ነው። ኃይል ስንል ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም በዋት የሚለካውን ነው። «የፈረስ ጉልበት» የሚለው የተለመደ አጠራር በዚህ ረገድ ያደናግራል፤ መለኪያነቱ ለኃይል እንጂ ለጉልበት አይደለምና። የትራክተር ገዢዎችም ሆኑ አንዳንድ ተማሪዎቻችን ለሚያነሱት ክርክር ምንጩ ይኸው የስም መደበላለቅ ይመስለናል።

ኃይል የጉልበትና የፍጥነት ብዜት ነው። 75 የፈረስ ጉልበት ወደ 56 ኪሎ ዋት ይሆናል። በማርሽና በሌሎች አስተላላፊ ክፍሎች የሚባክነውን ስንቀንስ ለኋላ ጎማዎች 48 ኪሎ ዋት ያህል ይደርሳል እንበል። የጎማው ዳር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 1.39 ሜትር ቢዞር፣ ሞተሩ በጎማዎቹ ዳር ሊያሳርፍ የሚችለው ጉልበት 48ን ለ1.39 በማካፈል ይገኛል፤ ይህም 34 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። አንድ ጥማድ በሬ ለረጅም ሰዓት የሚስበው ወደ 1 ኪሎ ኒውተን ስለሚጠጋ፣ ሞተሩ በዚህ ስሌት የ34 ጥማድ በሬዎችን ያህል ይገፋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከባሕር ወለል በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አየር በመጭመቂያ የማይጨመርለት ሞተር በደጋችን ላይ ከፋብሪካው ኃይል ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ይህም ሆኖ የሚቀረው ከ25 ኪሎ ኒውተን በላይ ነው። ወዲያው እንደምናየው፣ ይህንን እንኳ መሬቱ አይቀበለውም።

የኒውተን ሦስተኛ ሕግ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ትራክተሩ ወደፊት የሚሄደው ሞተሩ ስለገፋው አይደለም፤ ጎማው አፈሩን ወደ ኋላ ሲገፋ አፈሩ በምላሹ ጎማውን ወደፊት ስለሚገፋው ነው። አፈሩ ተደርምሶ ወደ ኋላ ከሸሸ ግን መልሶ የሚገፋ ነገር አይኖርም። ሞተሩ 34 ኪሎ ኒውተን ቢያቀርብም አፈሩ መመለስ የሚችለው 10 ብቻ ከሆነ፣ ትራክተሩ ያለው 10 ብቻ ነው።

አፈር ጎማን የሚይዘው እንዴት ነው?

የኋላ ጎማ ጥርሶች አፈር ውስጥ ሲገቡ በመካከላቸው የአፈር ጡቦች ይይዛሉ። ጎማው ሲዞር እነዚህ ጡቦች ከሥራቸው ካለው አፈር ለመቆረጥ ይገፋሉ። ስለዚህ የትራክተሩ መያዣ ጥንካሬ የጎማው ላስቲክ ጥንካሬ ሳይሆን የአፈሩ የመቆረጥ ጥንካሬ ነው። አፈር ከምን ያህል ጉልበት በኋላ እንደሚቆረጥ በመጀመሪያ በሒሳብ ያስቀመጠው፣ በኤሌክትሪክ ሕጉ የምናውቀው ፈረንሳዊው ሻርል ኦገስተን ደ ኩሎም ነው። ኩሎም ወታደራዊ መሐንዲስ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1773 ባቀረበው ጥናት የአፈር ጥንካሬ ከሁለት ነገሮች እንደሚገኝ አሳየ። አንደኛው የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የተያያዙበት ጥብቀት ነው፤ ይህንን ተያያዥነት እንበለው። ሁለተኛው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ይህ ደግሞ ከላይ በሚጫነው ክብደት ልክ ይጨምራል። ለትራክተር ስንጠቀምበት እንዲህ ይጻፋል፦

ከፍተኛው የመግፋት ጉልበት = (ጎማው መሬት የነካበት ስፋት × ተያያዥነት) + (በጎማው ላይ ያረፈ ክብደት × የሰበቃ ምጥጥን)

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። ትራክተራችን 3.5 ቶን ይመዝናል፤ ክብደቱ 34 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። በቆመበት ከዚህ ውስጥ 22ቱ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ማረሻ ሲጎትት ግን የተወሰነው የፊቱ ክብደትና አፈሩ ማረሻውን ወደ ታች የሚስብበት ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች ይዛወራል። በሰሜን አየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውን ዘዴ የፈለሰፈው ይህንን ለመጠቀም ነበር፤ ዛሬ የምናያቸው ትራክተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ይከተላሉ። ስለዚህ በሥራ ላይ 26 ኪሎ ኒውተን በኋላ ጎማዎች ላይ አረፈ እንበል። ሁለቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ስፋት በድምሩ 0.25 ካሬ ሜትር ይሁን። መጠነኛ እርጥበት ያለው ደህና አፈር ተያያዥነቱ 20 ኪሎ ፓስካል፣ የሰበቃ ምጥጥኑ 0.58 ቢሆን፣ ከተያያዥነት 5፣ ከሰበቃ 15፣ በድምሩ 20 ኪሎ ኒውተን እናገኛለን። ሞተሩ 34 ያቀርባል፤ አፈሩ የሚቀበለው 20 ነው።

ከዚህም ላይ የሚቀነስ አለ። ጎማው ራሱ ሲንከባለል አፈሩን እየተጫነ ጎድጓዳ ስለሚሠራ፣ ከራሱ ጉድጓድ ለመውጣት ዘወትር ዳገት የሚወጣ ያህል ነው። ይህ የመንከባለል ተቃውሞ በደህና አፈር ላይ ከትራክተሩ ጠቅላላ ክብደት 8 በመቶ ያህል፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ለማረሻው የሚተርፈው እንግዲህ ቢበዛ 17.3 ነው።

«ቢበዛ» ያልነው አፈር ሳይንቀሳቀስ አጸፋ ስለማይሰጥ ነው። ጡቦቹ ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያሳዩት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ከተገፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የሚጎትት ጎማ መጠነኛ መንሸራተት ግድ ይለዋል። ጎማው 100 ሜትር የሚያስኬድ ዙር ዞሮ ትራክተሩ የሄደው 85 ሜትር ከሆነ፣ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው እንላለን። ብዙ ለመሳብ ብዙ መንሸራተት ያስፈልጋል፤ ብዙ መንሸራተት ግን የተከፈለበትን ጉዞ ያባክናል። ሁለቱ የሚታረቁት ከ8 እስከ 15 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ለጠንካራ መሬት ዝቅተኛው፣ ለለሰለሰ መሬት ከፍተኛው ይስማማል። መንሸራተት ዜሮ እንዲሆን መመኘት ስህተት ነው፤ ጎማው ጭራሽ የማይንሸራተት ትራክተር ከሥራው ይልቅ የራሱን ትርፍ ክብደት እየተሸከመ የሚዞር ነው።

የዚህን ዘርፍ ሒሳብ በሰፊው ያደራጀው ፖላንዳዊው መሐንዲስ ሚዬቺስዋቭ ቤከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ተሽከርካሪና ለስላሳ መሬት የሚገናኙበትን ሕግ ዘርዝሯል። ይኸው ሰው በ1971 በአፖሎ 15 ጉዞ ጨረቃ ላይ በተነዳችው ተሽከርካሪ ንድፍ ላይ ሠርቷል። የጨረቃ አቧራና የመረሬ ጭቃ በአንድ ዓይነት ቀመር መገለጣቸው የፊዚክስ ትምህርት ከሚያስደስቱን ገጾች አንዱ ነው።

ማረሻው የሚጠይቀው

እስካሁን ያየነው አፈሩ ለጎማው የሚሰጠውን ነው። ያው አፈር በሌላ በኩል ማረሻውን ይቃወማል። የአሜሪካ የእርሻና ሥነ ሕይወት መሐንዲሶች ማኅበር ከብዙ ልኬቶች ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት፣ አፈር ገልባጭ ማረሻ የሚገጥመው ተቃውሞ በኒውተን እንደሚከተለው ይሰላል፦

ተቃውሞ = የአፈር መለያ × (652 + 5.1 × የፍጥነት ካሬ) × ስፋት × ጥልቀት

በዚህ ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ በሜትር፣ ጥልቀቱ በሳንቲ ሜትር ነው። የአፈር መለያው ለሸክላማ አፈር 1፣ ለመካከለኛው 0.70፣ ለአሸዋማው 0.45 ነው። ቀመሩ ሻካራ ግምት ነው፤ መመሪያው ራሱ ውጤቱ በ40 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊለይ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በአገራችን በብዛት የሚታየው የዲስክ ማረሻ ደግሞ የራሱ ቁጥሮች አሉት። ለንጽጽር ግን ይህ ይበቃናል።

ሦስት ምላጭ ያለው፣ እያንዳንዱ ምላጭ 30 ሳንቲ ሜትር የሚቆርጥ ማረሻ በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢጎተት፣ በመካከለኛ አፈር ተቃውሞው 9.8 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ትራክተራችን ይህንን የሚስበው በ14 በመቶ መንሸራተት መሆኑን የቤከርን ፈለግ በተከተሉ ቀመሮች ማስላት ይቻላል። ማረሻና ትራክተር ተስማምተዋል ማለት ነው። ያንኑ ማረሻ ወደ ሸክላማ አፈር ስናስገባው ተቃውሞው 14 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። የጎማው አያያዝ እንደበፊቱ ነው ብንል እንኳ፣ መንሸራተቱ ወደ 35 በመቶ ያሻቅባል። ለጎማው ከደረሰው ኃይል ለማረሻው የሚተርፈው ከ67 በመቶ ወደ 55 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ የቀረው አፈሩን በመፈተግና ጎማውን በመብላት ያልቃል።

የፍጥነቱ ካሬም ችላ የሚባል አይደለም። ሾፌሩ ጊዜ ለማትረፍ በዚያው ሸክላማ አፈር ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ልሂድ ቢል፣ ተቃውሞው 17.6 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። የአፈሩ ጣሪያ 17.3 ነበር። ሞተሩ ገና ያልተጠቀመበት ጉልበት እያለው ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ኪራዩ በሄክታር በሚከፈልበት ቦታ ሾፌሩ መቸኮሉ አይገርምም። ለመቸኮል የሚያዋጣው መንገድ ግን ፍጥነት መጨመር ሳይሆን አንዱን ምላጭ ማውለቅ ነው፤ ብዙ ባለትራክተሮች ይህንን ምክር ለመቀበል የሚቸገሩ ይመስለናል።

ውሃ ሲገባ

ከሁሉ በላይ ስሌቱን የሚያዛባው ውሃ ነው። ብዙ ሰው ውሃ አፈርን «ያለሰልሳል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ሁለት ፊት አለው፤ ጥቂት ውሃ አፈርን ያያይዛል፣ ብዙ ውሃ ደግሞ ይበትነዋል።

በሁለት ቅንጣቶች መካከል የቀረች ቀጭን የውሃ ጠብታ በገጽ ውጥረቷ ቅንጣቶቹን አንድ ላይ ትጎትታለች። የጉተታው ግፊት የገጽ ውጥረቱ እጥፍ ለውሃው ገጽ ጉብጠት ሬዲየስ ሲካፈል ነው። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.073 ኒውተን ስለሆነ፣ ሬዲየሱ 10 ማይክሮ ሜትር ሲሆን ግፊቱ 15 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ሬዲየሱ ወደ 1 ማይክሮ ሜትር ሲጠብ ደግሞ 146 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። አፈር እየደረቀ ሲሄድ ውሃው ወደ ጠባብ ቀዳዳዎች ይሸሻል፤ ሬዲየሱ ያንሳል፤ ጉተታውም ያይላል። የጥቁር አፈር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ በመካከላቸው ያሉት ቀዳዳዎችም እጅግ ጠባብ ናቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ መረሬ እንደ ሸክላ ጡብ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ጎማው ጥሩ መቆሚያ ያገኛል፤ ማረሻው ግን አይገባም። የዲስክ ማረሻ በደረቁ መሬት ላይ ይንሳፈፋል፤ ቢገባም የሚያወጣው ዘር የማያቅፍ ትልልቅ ጓል ነው።

ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በውሃ ሲሞሉ የውሃው ገጽ ጉብጠት ይጠፋል፤ ጉተታውም አብሮት ይጠፋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ጭነት ማን ይሸከማል የሚለው ነው። የአፈር ሜካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ተርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራ እንዳብራራው፣ ሰበቃ የሚፈጠረው ቅንጣት በቅንጣት ላይ ሲጫን ብቻ ነው። ሸክላማ አፈር ውሃ ጠግቦ ሳለ ጎማ በድንገት ሲያርፍበት፣ ውሃው ከጠባቦቹ ቀዳዳዎች ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ጭነቱን የሚሸከመው ውሃው ይሆናል። ውሃ ደግሞ ሰበቃ የለውም። በኩሎም ቀመር ውስጥ ሁለተኛው ክፍል፣ ክብደት የሚባዛበት፣ ከሞላ ጎደል ዜሮ ይሆናል ማለት ነው።

የትራክተራችንን ስሌት በዚህ ሁኔታ እንድገመው። ተያያዥነቱ ወደ 15 ኪሎ ፓስካል ቢወርድ፣ 0.25 ካሬ ሜትር ላይ የሚገኘው 3.75 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። የመንከባለል ተቃውሞው በተቃራኒው ወደ ክብደቱ 20 በመቶ፣ ማለትም ወደ 6.8 ኪሎ ኒውተን ያድጋል። አፈሩ 3.75 ይሰጣል፤ 6.8 ይጠይቃል። ማረሻው ገና አልተቆጠረም። በመግቢያችን ላይ በጭቃ የተዋጠው ትራክተር ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ ተጠቃልሏል። 75 የነበረውን የፈረስ ጉልበት 150 ብናደርገው ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱም አይሻሻልም፤ ሞተሩ ከከበደ እንዲያውም ይብስበታል።

በዚህ አጋጣሚ የተለመደ የሾፌሮች መላ መመርመር ይገባዋል። ትራክተር ሲንሸራተት በጎማዎቹ ላይ የብረት ክብደት መጨመር ወይም ጎማውን በውሃ መሙላት የተለመደ ነው። በደረቅና በደህና አፈር ላይ መላው ትክክል ነው፦ 500 ኪሎ ግራም ቢጨመር ከሰበቃው ክፍል 2.8 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይገኛል። ውሃ በጠገበ ጥቁር አፈር ላይ ግን ከዚያ ክብደት የሚገኝ መያዣ የለም፤ የሚገኘው 1 ኪሎ ኒውተን ያህል ተጨማሪ የመንከባለል ተቃውሞ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር የሚረዳው የመጀመሪያው የቀመሩ ክፍል፣ ስፋቱ ነው። ጥንድ ጎማ መግጠም ወይም አምራቹ በፈቀደው ልክ የጎማውን አየር መቀነስ ስፋቱን ይጨምራል። በእስያ የሩዝ ማሳዎች ላይ የሚታዩት የብረት ፍርግርግ ጎማዎች የሚሠሩት ግን በሌላ ስልት ነው፤ ጭቃውን አልፈው ከሥር ያለውን ደረቅ ንጣፍ ይረግጣሉ። የእኛ መረሬ እስከ ታች ድረስ ያው ሸክላ ስለሆነ እንዲህ ያለ ንጣፍ በቅርብ አይገኝለትም።

እርጥብ ጥቁር አፈር በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ጎማው ጥርስ የሌለው ለስላሳ ከበሮ ይሆናል። ማረሻው ላይም እንዲሁ ይለጠፋል፤ አፈር በብረት ላይ ከመንሸራተት ይልቅ አፈር በአፈር ላይ ይፈተጋል። ስለዚህ «አፈሩ ስለረጠበ ማረሻው ይቀለዋል» የሚለው ግምት በሸክላማ አፈር ከተወሰነ እርጥበት በላይ አይሠራም።

የደጋው ገበሬ ይህንን ያለ ቀመር ያውቀዋል። ብዙ የጥቁር አፈር ማሳ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ተኝቶበት ከርሞ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ ወይም ጓያ የሚዘራበት ዝናቡ ሲያባራ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ደግሞ ገበሬዎች ውሃውን ለማንጠፍ መደብና ቦይ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥና ከውጭ ተቋማት ጋር ባካሄደው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት፣ ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ተሠርቷል። የመሣሪያው ዓላማ ሰብሉን ከውሃ ማዳን ነበር። በእኛ ዓይን ግን ጥቅሙ ከዚያም ያልፋል፦ ውሃው የተነጠፈለት አፈር ቀዳዳዎቹ ቶሎ አየር ስለሚያገኙ፣ ከላይ ያየነው ጉተታ ቶሎ ይመለስለታል። ለጥቁር አፈር ቦይ ማውጣት ለትራክተር ጎማ ከመግዛት አይተናነስም።

ትራክተሩ ካለፈ በኋላ

እስካሁን አፈሩ በትራክተሩ ላይ የሚያደርሰውን ተመለከትን። ትራክተሩ በአፈሩ ላይ የሚያደርሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ ይወስናል።

የኋላ ጎማዎቻችን ግፊት 26ን ለ0.25 ስናካፍል 104 ኪሎ ፓስካል ነው። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በአራት ኮቴው ቢቆም፣ የእያንዳንዱ ኮቴ ስፋት 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ግፊቱ 120 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ስለዚህ በመሬቱ ገጽ ላይ በሬው ከትራክተሩ አያንስም! ልዩነቱ ያለው ጥልቀት ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ዦሴፍ ቡሲኔስክ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መፍትሔ ስናሰላ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከኮቴው ሥር የሚቀረው ግፊት 2 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ ከጎማው ሥር ግን 30 ይደርሳል። በገጽ ላይ ያለውን ጉዳት የሚወስነው ግፊቱ ነው፤ የጥልቁን ጉዳት የሚወስነው ጠቅላላ ጭነቱ ነው። የበሬ እርግጫ የሚቀጥለው እርሻ ይሽረዋል። በ40 ሳንቲ ሜትር የታመቀውን ግን 20 ሳንቲ ሜትር የሚያርሰው ማረሻ አይደርስበትም።

አፈር ሲረጥብ ቅንጣቶቹ ተንሸራተው ለመጠቅጠቅ ይመቻሉ፤ የሚበዛው ጉዳት የሚደርሰውም በመጀመሪያው እርግጫ ነው። በዚህ ላይ የሚንሸራተት ጎማ ሸክላውን እንደ ሊሾ ይለስነዋል፤ ውሃና አየር የሚተላለፉበት ቀዳዳ ይደፈናል። የዘንግ መውጊያ መሣሪያ 2 ሜጋ ፓስካል የሚያሳይበት አፈር የብዙ ሰብሎችን ሥር እድገት አጥብቆ ይገታል። ጥቁር አፈር እዚህ ላይ አንድ ጸጋ አለው፦ ሲደርቅ በሰፊው ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ በዚህ መንቀሳቀስ ከታመቀው የተወሰነውን ራሱ ይፈታዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በየክረምቱ የሚደገምን ጉዳትም አይቀድመውም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ጥቁር አፈር ላይ ብዙ አምራቾች የመረጡት መንገድ፣ ጎማ በየዓመቱ በአንድ መስመር ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ነው። መንገዱ መንገድ ይሆናል፤ ማሳው ማሳ ሆኖ ይቀራል። በኩታ ገጠም በተያያዙ ማሳዎቻችን ላይም ይህ ሊሞከር የሚገባው ይመስለናል።

በማሳ ላይ የሚደረግ ልኬት

አንባቢያን ይህንን ሁሉ ያለ ውድ መሣሪያ መመርመር ይችላሉ። የጎማ መንሸራተትን ለመለካት በኋላ ጎማ ጎን ላይ በኖራ ምልክት ይደረጋል። ትራክተሩ ማረሻውን አንሥቶ በማሳው ላይ ሲሄድ ጎማው 10 ጊዜ የሚዞርበት ርቀት በሜትር ይለካል፤ ከዚያም ማረሻውን አውርዶ እያረሰ 10 ዙር የሄደበት ይለካል። የመጀመሪያው 48 ሜትር፣ ሁለተኛው 41 ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 7 ለ48 ሲካፈል 15 በመቶ ገደማ ነው። ከ20 በመቶ በላይ ከተገኘ ጥልቀቱን ወይም የምላጩን ቁጥር መቀነስ ይገባል። ደረቅ አፈር ከሆነ ብቻ ክብደት መጨመር ሊታሰብ ይችላል።

አፈሩ ለእርሻ መድረሱን ለማወቅ ደግሞ ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 ያስተዋወቀውን ሐሳብ በእጅ መጠቀም ይቻላል። አፈር እንደ ሊጥ መቦካት የሚጀምርበት የእርጥበት ድንበር አለ። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት፣ ከላይ ከደረቀው ገጽ ሳይሆን ከሥሩ፣ አንድ ጭብጥ አፈር ይወሰዳል። በመዳፍ መካከል እየተድበለበለ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር እንዲሆን ይሞከራል። ክሩ ሳይበጠስ ከዚያም በላይ የሚቀጥን ከሆነ አፈሩ ድንበሩን አልፏል፤ በዚያ ቀን ትራክተር ማስገባት መያዣውንም መሬቱንም ማጣት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚፈረፈር ከሆነ ለእርሻ ተስማሚው እርጥበት ላይ ነው፤ ይህም ከድንበሩ እርጥበት ዘጠና በመቶ አካባቢ መሆኑ ታውቋል። ጭራሽ አልድቦለቦል ብሎ በጠጣር ቁርጥራጭ የሚሰባበር ከሆነ ደግሞ ቀኑ ገና ነው ወይም አልፏል፤ ማረሻው ጓል ብቻ ያወጣል። በጥቁር አፈር ላይ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ለመሻገር ጥቂት ፀሐያማ ቀናት ሊበቁ ስለሚችሉ፣ ሙከራው በየማለዳው፣ ማሳው ዳገትና ረባዳ ካለው ደግሞ በሁለቱም ቦታ መደገም ይኖርበታል።